የአጥቢያችሁን ታሪክ ስትጽፉ፦ ከመዝገብ ሣጥኑ እስከ ማተሚያ ቤቱ

አብዛኛውን ጊዜ ታሪክ የሚታወሰው የምሥረታ በዓል ሲቃረብ ነው። 40ኛው ወይም 50ኛው ዓመት ሊከበር ሁለት ወር ሲቀረው ኮሚቴ ይቋቋማል። ጽሑፍ ይችላል የተባለ አንድ ወንድም ይመደባል። የሽማግሌዎች ስም ዝርዝር፣ የሕንፃው ፎቶ፣ የመጋቢው መልእክትና የመዘምራኑ ምስል ተሰብስቦ መጽሔት ይታተማል። መጽሔቱ ያምራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በማን ሳሎን እንደተጀመረች ግን አይናገርም። በስደቱ ዘመን መጽሐፍ ቅዱሱን ማን እንደደበቀው፣ መጀመሪያ የተጠመቁት እነማን እንደነበሩ፣ ለምን ሁለት ቦታ እንደተከፈልን አይናገርም። ያንን የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ደግሞ በየዓመቱ ወደ ጌታ እየሄዱ ነው።

ይህ መመሪያ በአንድ አጥቢያ ደረጃ ታሪክ መጻፍ ለሚፈልጉ ነው። በዋናነት ያሰብኩት በሀገር ቤት ያሉትን የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ያላችሁ ግን አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። በእግዚአብሔር መታመንና ማስረጃ መፈተሽ አይጣሉም። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር "በጥንቃቄ ሁሉን ከመጀመሪያው ተከትዬ" ብሎ ነው። በዓይን ያዩትን ሰዎች ምስክርነት ይዞ ነው የጻፈው። እግዚአብሔርን የሚታመን ጸሐፊ ታሪኩን ማሳመር አያስፈልገውም። የማያውቀውን "አይታወቅም" ብሎ ማለፍ ይችላል። ጠቡንም፣ ውድቀቱንም መጻፍ አያስፈራውም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ክብር በእኛ ብዕር ላይ አልተንጠለጠለም። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ሥራ ከዚህ እምነት ይነሣል።

1. መጀመሪያ ደብዳቤ

የቃል ፈቃድ አይበቃም። የሽማግሌዎች ጉባኤ በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤም ይስጣችሁ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይናገር፦ የትኞቹን መዝገቦች ማየት እንደምትችሉ፣ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ረቂቁን ማን እንደሚያነብ። በተለይ ሦስተኛው ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ያዙ። ሽማግሌዎች ስህተት ማረም ይችላሉ። እውነት ሆኖ ያልጣማቸውን ማውጣት ግን አይችሉም። ይህ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ነው።

ጊዜውን በወር ሳይሆን በዓመት አስቡ። ሁለት ዓመት ጥሩ ነው። በዓሉ ቢያልፍም ይለፍ። በዓሉ ለአንድ ቀን ነው።

ቡድኑ አነስተኛ ይሁን፤ አራት ሰው ይበቃል። አንድ ከጥንት ጀምሮ የነበረ፣ አንድ ስልክና ኮምፒውተር የሚችል ወጣት፣ እናቶች የሚቀርቧት አንዲት እህት፣ እንዲሁም በአመራር ላይ የሌለ አንድ ሰው። የመጨረሻው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሰዎች ለአመራሩ የማይናገሩትን የሚናገሩት ለእርሱ ነው።

ጸሎታችሁም ጥቅል አይሁን። "ጌታ ሥራውን ባርክ" ብላችሁ አትለፉ። የጠፋውን የ1960ዎቹ የጥምቀት መዝገብ በስሙ ጥሩትና ጸልዩ። ለመናገር ስለሚከብዳቸው እናት ጸልዩ። ከቤተ ክርስቲያን ስለወጡት ወንድም፣ እናንተን ሲያዩ በር እንዳይዘጉ ጸልዩ። ከዚያ ተነሥታችሁ በሩን አንኳኩ።

2. ወረቀት ከሰው በፊት

ቃለ መጠይቅ ከመጀመራችሁ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቡ። የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የአባላትና የጥምቀት መዝገብ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የተላኩና የመጡ ደብዳቤዎች፣ የመሬት ይዞታ ወረቀት፣ የሕንፃ ፕላን፣ የኮንፈረንስ ፕሮግራም፣ የመዘምራን ደብተር፣ የሰንበት ትምህርት ስም መጥሪያ። የቢሮው ካዝና ውስጥ ያለው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የቀድሞ ጸሐፊዎችና የሂሳብ ያዦች ቤት፣ አልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ነው። ጠይቁ። እንዲሰጧችሁ አትጫኑ፤ እዚያው ፎቶ አንሥታችሁ መልሱላቸው።

የሂሳብ ደብተሩን አትናቁ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ቃለ ጉባኤ የተወሰነውን ይናገራል፤ ሂሳብ ደብተር የተደረገውን ይናገራል። "ለታሰሩ ቤተሰብ"፣ "ለጋዝ"፣ "ለአግዳሚ ወንበር እንጨት"፣ "ለወንጌላዊው ጫማ" የሚል አንድ መስመር ሙሉ ምዕራፍ ሊከፍት ይችላል። ጫማው ያለቀው ወንጌላዊ የት የት ሲሄድ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ።

የደርግ ዘመን ላይ ስትደርሱ ወረቀቱ ሊቋረጥባችሁ ይችላል። በብዙ ቦታ አማኞች የስም ዝርዝር መያዝ አቁመዋል፤ የተያዘውም ተቃጥሏል ወይም ተቀብሯል። የስም ዝርዝር ሰው ያሳስር ነበር። ጥር 1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ መሪዎቿ ታስረው ምዕመኑ በትንንሽ ቡድን በየቤቱ መሰብሰብ ጀመረ። ያንን ጊዜ ከቃለ ጉባኤ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ባዶውን ቦታ አትሸሹት። "ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት መዝገብ የለም፤ ምክንያቱም ይህ ነው" ብላችሁ ጻፉ። መዝገቡ የጠፋበት ምክንያት ራሱ ታሪክ ነው።

በጠፋው ነገር ልባችሁ ሲዝል ኤርምያስ 36ን አንብቡ። ንጉሡ ጥቅልሉን በካራ እየቀደደ እሳት ውስጥ ጣለው። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እንደገና ጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። እናንተም እንደገና የምትጽፉት ከሰው አፍ ነው።

3. ዘመኑን ማስያዝ

እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ጽሑፎች ይበላሻሉ። የሚስዮናውያን ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች የተጻፉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአባቶች ትዝታ በእኛ። ስሌቱ ቀላል ነው። በፈረንጆቹ ከመስከረም 11 እስከ ታኅሣሥ 31 ላለው 7 ዓመት ቀንሱ። ከጥር 1 እስከ መስከረም 10 ላለው 8 ቀንሱ። ከፈረንጆቹ መዝለያ ዓመት (የካቲታቸው 29 ቀን ከሚሆንበት) በፊት ባለው መስከረም የእኛ አዲስ ዓመት አንድ ቀን ስለሚገፋ ድንበሩ ላይ ተጠንቀቁ። በእጃችሁ ያለው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ከሆነና ወሩ ከሌለ ሁለቱንም አማራጭ ጻፉ እንጂ አንዱን አትገምቱ።

የወላይታን ምሳሌ ውሰዱ። በሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በኩል በተሰበከው ወንጌል ያመኑት የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በፈረንጆች ታኅሣሥ 1933 ነው፤ በእኛ 1926። ሚስዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ምክንያት ወላይታን ለቅቀው የወጡት በፈረንጆች ሚያዝያ 1937 ነው፤ በእኛ 1929። አንዱ ላይ 7፣ ሌላው ላይ 8 ተቀንሷል። ሳያስቡ ሁሌ 8 የሚቀንስ ሰው የመጀመሪያውን ጥምቀት በአንድ ዓመት ያዛባዋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የውጭ ሰው ደብዳቤ "ስብሰባው 9 ሰዓት ነበር" ሲል ጧት ሦስት ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል።

አረጋውያን ዓመት በቁጥር ላያስታውሱ ይችላሉ። በትልልቅ ክስተቶች ጠይቋቸው። ከታኅሣሥ ግርግር (1953) በፊት ነው ወይስ በኋላ? መሬት ላራሹ ሲታወጅ (የካቲት 1967) ወንጌላዊው መጥቶ ነበር? የዕድገት በኅብረት ዘማቾች እዚህ ነበሩ? የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ነው? የ77ቱ ድርቅ? ግንቦት 20 ቀን 1983? የመካነ ኢየሱስ ምዕመናን ከሆናችሁ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ታፍነው የተወሰዱበት ሐምሌ 1971 ለብዙዎች የማይረሳ ምልክት ነው። "ብር ሲቀየር" ካሏችሁ ግን የትኛው እንደሆነ አጣሩ፤ በ1969ም በ2013ም ተቀይሯል። የግል ምልክትም ይረዳል፦ "የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዳ ነበር? ትሄድ ነበር ወይስ ታዝላ ነው?"

4. አረጋውያኑን ማናገር

ማንን እንደምታናግሩ በዕድሜ ቅደም ተከተል ያዙ። መጀመሪያ በጣም ያረጁትንና የታመሙትን። ሹመት ወይም ማዕረግ ቅደም ተከተል አይሁን። ወጣቱ መጋቢ ሁለት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ የ90 ዓመቷ እማማ አይችሉም።

መጀመሪያ ቀን መቅጃ አታውጡ። ሂዱ፣ ጠይቁ፣ ቡናውን ጠጡ፣ አብራችሁ ጸልዩ። ለምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው። በሁለተኛው ጉብኝት ነው ሥራው የሚጀመረው። የሚያከብሩትን ሰው በሚያከብሩት መጠሪያ ጥሩ፦ አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ። ስብሰባ ላይ "ወንድም እገሌ" የምትሏቸውን አባት ቤታቸው ሄዳችሁ እንዲሁ ካላችኋቸው ወሬው ይደርቃል።

የመቅጃው ነገር ይህን ይመስላል። የስልኩን ኔትወርክ አጥፉ፤ በመሀል ቢደወል ይቋረጣል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይዘጋ። ሲጀምር የእናንተ ሰው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ሙሉ ስም እስከ አያት ድረስ ጮክ ብሎ ይናገር። እስከ አያት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ አጥቢያ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ጌታን ሲቀበሉ ስም ለውጠዋል። የቀድሞውንም የአሁኑንም ያዙ።

በአፍ መፍቻቸው ይናገሩ። በወላይትኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሀዲይኛ ወይም በሲዳምኛ ያመነ ሰው ስለ መከራው በአማርኛ ሲናገር ያሳጥራል። ቋንቋውን የሚችል ሰው ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ጻፉት፣ ከዚያ ወደ አማርኛ አምጡት፤ ሁለቱንም አስቀምጡ።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። "የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ምን ይመስላል?" ብላችሁ ብትጠይቁ ስብከት ትሰማላችሁ። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ማን ይዞዎት መጣ? የት ተቀመጡ? በተዘጋብን ጊዜ ለመሰብሰብ እንዴት ይነገራችሁ ነበር? ድምፅ ጎረቤት እንዳይሰማ ምን ታደርጉ ነበር? በር ላይ ማን ይቆም ነበር? የጌታ እራት በምን ትወስዱ ነበር? ሰው ሲሞት የት ቀበራችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ከባድ ነው። በመቃብር ቦታ ምክንያት ብዙ የወንጌል አማኞች ቤተሰብ ተንገላትቷል። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታውን ቶሎ አትሙሉት።

እናቶችን ለብቻቸው አናግሩ። ቃለ ጉባኤ ላይ የፈረሙት ወንዶች ናቸው። ቤታቸውን ከፍተው ጉባኤውን የተቀበሉ፣ ለእንግዳው ወንጌላዊ ያበሰሉ፣ ለታሰሩት ስንቅ ያመላለሱ፣ ከቤት ወደ ቤት መልእክት ያደረሱ ግን በአብዛኛው እናቶች ነበሩ። ባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጠው ከጠየቃችኋቸው "እሱ ያውቃል" ይሏችኋል። ለእህታችሁ ብቻ ተዉላቸው።

የሚያለቅስ ሰው ቢያጋጥማችሁ መቅጃውን አቁሙ። አብራችሁ ሁኑ። ሌላ ቀን መምጣት ይቻላል። ታሪኩን ያለ እናንተ ጥድፊያ የሚጠብቅ ጌታ አለ።

ሲጨርስ ፈቃድ ጠይቁ። ሦስት ምርጫ በወረቀት አቅርቡ፦ አሁን ይታተም፣ ከሞትኩ በኋላ ይታተም፣ ይቀመጥ እንጂ አይታተም። ይፈርሙ ወይም አሻራ ያድርጉ። ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ቃል ምንም ያህል ድንቅ ቢሆን አይወጣም። በቃ።

በዐረብ ሀገራት በየቤቱ የሚሰበሰቡ እህቶችን ታሪክ የምትይዙ ከሆናችሁ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስም፣ ሰፈር፣ የአሠሪ ማንነት፣ የመሰብሰቢያ ሰዓት አትጻፉ። ድምፃቸውንም በስልካችሁ ላይ አታቆዩ። አሁንም እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው።

5. ፎቶና ካሴት

አሮጌ ፎቶ ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበሩ አንሡ። ጀርባውንም አንሡ፤ ቀንና ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በእስክሪብቶ አትጻፉበት፤ ለስለስ ያለ እርሳስ ብቻ። ሙጫና ፕላስተር አታስነኩት። በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ እየቆጠራችሁ ስማቸውን አስጽፉ። ያልታወቀ ሰው ካለ ፎቶውን አሳትማችሁ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ለጥፉት። "ይህችማ የእትዬ እገሌ ልጅ ናት" የሚል ሰው አይጠፋም።

ካሴት ካገኛችሁ ደጋግማችሁ አታጫውቱት። መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ስበሩ፤ በላዩ ላይ እንዳይቀዳ ይከላከላል። ከዚያ በመጀመሪያው ማጫወት ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት።

ሁሉንም ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዱ በቤተ ክርስቲያን ቢሮ፣ አንዱ በአንድ አባል ቤት በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። በቴሌግራም ከተላላካችሁ ፎቶውን በፋይል መልክ ላኩ፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል።

ውጭ ሀገር ያሉ የቀድሞ አባላትን አትርሱ። በስደት ሲወጡ ይዘውት የሄዱት ፎቶ፣ ከሀገር ቤት የተላከላቸው ደብዳቤ፣ የመዘምራኑ የመጀመሪያ ካሴት ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሊገኝ ይችላል።

6. ማመሳከር

አንድ ነገር በአንድ ሰው ብቻ ከተነገረ "እገሌ እንዳሉት" ብላችሁ ጻፉ። እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ከመሰከሩት ወይም ወረቀት ካገኛችሁለት ያኔ እንደ እውነት ጻፉት። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ጻፉ። ምሳሌ 18፥17 የመጀመሪያው ተናጋሪ ጻድቅ እንደሚመስል፣ ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ እንደሆነ ይናገራል።

ቁጥር ላይ ጠንከር በሉ። ስለ ወላይታ ሲነገር ሚስዮናውያኑ ሲወጡ 48 የተጠመቁ አማኞች እንደነበሩ፣ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 እንደጠበቋቸው ይጠቀሳል። 48 ቆጠራ ይመስላል። 10,000 ክብ ቁጥር ነው፤ ክብ ቁጥር ግምት ነው። ግምት መሆኑን መናገር የእግዚአብሔርን ሥራ አያሳንስም። የእናንተም መዝገብ 37 ካለ 37 ጻፉ። "መቶዎች ወደ ጌታ መጡ" የሚለውን ማን ቆጠረ?

ተአምርም እንዲሁ ነው። አጥንቱ የተሰበረ ልጅ ተፈወሰ ከተባለ ማን ጸለየ፣ ማን አየ፣ መቼ፣ ልጁ አሁን የት ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ይህ አለማመን አይደለም። ምስክርነት የሚከበረው እንዲህ ነው። ከዚያ የተነገራችሁን በተናጋሪው ስም አስቀምጡ፤ አታጋንኑ፣ አታብራሩ።

ከአጥቢያው ውጭም ፈልጉ። በነገረ መለኮት ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ተማሪዎች ስለ አካባቢያቸው ቤተ ክርስቲያን የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። የቤተ እምነታችሁ ዋና ጽሕፈት ቤት የቆዩ ሪፖርቶች አሉት። ሚስዮን የመሠረታት ከሆነች ሚስዮኑ በሀገሩ መዝገብ ቤት ሊኖረው ስለሚችል ጻፉላቸው፤ የቦታውን ስም በድሮው አጻጻፍ ጭምር ንገሯቸው።

7. የሚከብደው ምዕራፍ

እያንዳንዱ አጥቢያ ማለት ይቻላል አንድ አለው። መከፋፈል፣ የገንዘብ ችግር፣ በሥነ ሥርዓት የተለየ መሪ፣ በደርግ ጊዜ የካደ ወይም የጠቆመ ሰው።

ስለ መከፋፈሉ ጻፉ። የሐዋርያት ሥራ 15 ጳውሎስና በርናባስ እስኪለያዩ ድረስ እንደተከፋፉ ይናገራል፤ ሉቃስ አልደበቀውም። ነህምያ 3 ቅጥሩን የሠሩትን ሲዘረዝር የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎች ለሥራው ትከሻቸውን እንዳልሰጡ አብሮ ይዘግባል። የሄዱትን ወገኖች ሄዳችሁ አናግሩ። ይህን ሳታደርጉ ምዕራፉን አትጻፉ። "ጠላት በመካከላችን ገባ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግርም። ምን ተወሰነ፣ በየትኛው ጉባኤ፣ ማን ተቃወመ፣ ስንት ሰው ወጣ፣ ንብረቱ እንዴት ሆነ? ይህን ጻፉ፤ ፍርዱን ለአንባቢና ለጌታ ተዉት።

ስለ ግለሰብ ውድቀት ግን መስመሩ ሌላ ነው። የአመራር ውሳኔን ያመጣ የአደባባይ ጉዳይ ከሆነ ሳታብራሩ በአጭሩ አስቀምጡ። ሰውየው በሕይወት ካለ ከመታተሙ በፊት ያንብበው። በእስር ቤት ደክሞ የፈረመ ወይም ስም የሰጠ ሰው ካለ፣ ራሱ ካልተናገረ ስሙን አትጻፉ። ልጆቹ በዚያው ከተማ ይኖራሉ፤ ምናልባትም በዚያው ጉባኤ ይዘምራሉ። ጴጥሮስ መካዱ በአራቱም ወንጌላት ተጽፏል፤ ግን ጌታ መልሶ እንዳቆመውም ተጽፏል። ራሱ መናገር የሚፈልግ ካለ እስከ መመለሱ ድረስ ያውራ፤ ሙሉውን ጻፉለት።

8. ማንበብ፣ ማተም፣ ማስቀመጥ

ረቂቁን በወረቀት አትማችሁ ለአረጋውያኑ ስጡ። ማንበብ ለማይችሉት ቤታቸው ሄዳችሁ አንብቡላቸው። "አይ፣ እንዲህ አልነበረም" ሲሉ መቅጃው ይብራ፤ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ የሚበልጥ ነገር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የስም ማውጫ አድርጉ። ሰው የአያቱን ስም ፈልጎ የሚከፍተው ያንን ገጽ ነው።

ገንዘቡ ለትንሽ ቅጂ ብቻ ከበቃ ትንሽ አሳትሙ። ባለ ቀለም ሽፋን ይቅር፤ የስም ማውጫው አይቅር። አንድ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ለስድስት ኪሎው ተቋም፣ አንድ ለቅርባችሁ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ስጡ። ድምፆቹን፣ የፈቃድ ቅጾቹንና የፎቶ ዝርዝሩን በአንድ ሣጥን አድርጋችሁ ለቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ በፊርማ አስረክቡ።

መጽሐፉ በወጣ ሳምንት ቢሮው ውስጥ አንድ ባዶ ደብተር አስቀምጡ፤ ላዩ ላይ "ማረሚያና ተጨማሪ" ብላችሁ ጻፉበት። ሰው መጥቶ "አባቴን ረስታችኋል" ሲል ተቆጥቶም ቢሆን ስሙን፣ የአባቱን ታሪክና ቀኑን እዚያው ይጻፍ። ደብተሩን ማን እንደሚይዘው በቃለ ጉባኤ አስወስኑ።